ቀኑ ይታወቃል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይፈለጋል

የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው። መታወቂያዬ አዲስ አበባ ይላል። ሰፈራችን ግን ራሱን ከተማ ብሎ ቆጥሮ አያውቅም። ስድስት ኪሎ ድረስ የሚሄድ ሰው እንኳ "ከተማ ልወርድ ነው" ብሎ ነው የሚነሳው። ታች ፀሐይ ሆኖ እኛ ጋ ጉም ነው። ታች ሰው በቲሸርት ሲንሸራሸር እኛ ጋቢ ደርበን ቡና እንጠጣለን። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ የከተማው መሃል 2,400 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ጥቅምት ውስጥ ጠዋት ልብስ ልታጥቡ እጃችሁን ውሃ ውስጥ ስትከቱ ይገባችኋል።

መታጠፊያው ላይ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግድግዳ ጥግ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጠዋት ጠዋት ፓስቲ የሚጠበስበት ትልቅ መጥበሻ። በሩ ጎን የዋጋ ሰሌዳ ተደግፏል። የቤቱ ባለቤት እትዬ አንድ ቀን ከሰሌዳው አናት ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝና "አንቺ መቼም ወሬ ትወጃለሽ፤ እዚህ ላይ የሆነ ነገር ጻፊልኝ፣ ሰው ሻዩን እየጠጣ የሚያነበው ይፈልጋል" አለችኝ። በቃ እንዲህ ተጀመረ። ሥራ ልሄድ ስወርድ ጠመኔ አንስቼ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ዛሬ በታሪክ ምን ሆነ፣ ማን ተወለደ፣ ምን ተመረቀ። ምንም ካልተገኘ ደግሞ "ዛሬ ጉም ነው" ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚወደደው ይሄኛው ነው። ሰው አንብቦ ቀና ይልና ጉሙን አይቶ "እውነቷን ነው" ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን ዓመተ ምሕረት ላይ በጣም እጠነቀቅ ነበር። ታሪክ ያለ ዓመት ተረት ነው ብሎ ያስተማረኝ መምህር ነበረኝ። እናም ጥቅምት 25 ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።" በሰፈራችን ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኗ በእግር የምትደረስ ናት። አጠገቧ ያለው የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ፤ እንግዶች ገብተው "ይሄ ነው እንዴ ቤተ መንግሥቱ?" የሚል ፊት ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። የመጀመሪያዋ አንባቢ ነጠላዋን እያስተካከለች "ውይ፣ መርቆሬዎስ ነው ለካ ዛሬ!" አለች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ "ወሩ አለቀ፣ የቤት ኪራይ ደረሰ ማለት ነው" አለ። 1882ን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ማስተዋል የጀመርኩት። እኛ ሰፈር ዓመት አይቆጠርም፣ ቀን ነው የሚቆጠረው። ቀኑም ስም አለው። 12 ሚካኤል ነው፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም። ዕቁብ የሚጣለው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ ሽማግሌ የሚላከው በዚህ ነው። የሙስሊም ጎረቤታችን ባለሱቅ ሳይቀር "ለሚካኤል ማግስት ትሰጪኛለሽ" ብሎ ነው ዱቤ የሚጽፍልኝ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቀን ደግሞ ሁሌም ትክክል ነው። እንቁጣጣሽ እንኳ እኛ ጋ ከአዲስ ዓመትነቱ በፊት የራጉኤል ንግሥ ነው። መስከረም 1 እንጦጦ ራጉኤል ይነግሣል፣ መንገዱ በነጭ ልብስ ይሞላል፣ "እንኳን አደረሰህ" የሚባባለው ሰው የትኛውን በዓል ማለቱ እንደሆነ አይለይም።

እና የታሪክ ቀኖቹን በዚህ ዓይን ደግሜ ሳያቸው ገረመኝ። ዓድዋ የካቲት 23 ነው፣ ጊዮርጊስ። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12፣ ሚካኤል። የድል በዓል ሚያዝያ 27፣ መድኃኔዓለም። ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ እሱም ጊዮርጊስ። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው፤ ታኅሣሥ 3 ደግሞ የበዓታ ማርያም ዓመታዊ በዓል ነው፣ አፅማቸውም በኋላ ያረፈው በዓታ ነው። አንዳንዱ ታስቦ የተደረገ ይሆናል፣ አንዳንዱ እንዲሁ የገጠመ ነው። ወሩ በቅዱሳን ከተሞላ የትኛውም ቀን አንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም፣ ይሄ ይገባኛል። ግን ቀን ሰው ልብ ውስጥ የሚቆየው የሚንጠለጠልበት ሚስማር ሲያገኝ ነው። ሚስማር ያላገኘው ቀን መሥሪያ ቤት ተዘግቶበት ይውላል እንጂ ማንም አያወራውም።

ይህን የምጽፈው ጥቅምት ውስጥ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለው አባባል የወጣው ከእኛ ሰፈር መሆን አለበት። ብርዱ የጉድ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ድምፁ በጉሙ ውስጥ እስከ ቤታችን ይደርሳል፤ ከበሮው ይቀድማል፣ ቃሉ ይከተላል። ሊነጋ ሲል ሯጮቹ ይመጣሉ። ሦስት አራት ሆነው ነው የሚወጡት፣ አያወሩም፣ የጫማቸው ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ውሾቹ ለምደዋቸዋል፤ እኔ ስመጣ የሚጮኹት ውሾች ለእነሱ ቀና እንኳ አይሉም።

ለሯጭ ሰፈር ጥቅምት ጥሩ ወር ነው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ነው። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሁለት ወር ሳይሞላው። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በወቅቱ የዓለም ፈጣን ሰዓት። ያረፈውም ጥቅምት 15 ቀን 1966 ነው። ስለዚህ በዚህ ወር መካከል ሰሌዳዬ የስፖርት ዜና ይሆናል። ሜክሲኮ ጊዜ ፈረንጆቹ ከፍታው ሰው ይገድላል ብለው ተጨንቀው ነበር። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ነው። ይሄን ስጽፍ ከአግዳሚው ላይ አንድ ወያላ "ምን? እኛ ታክሲ ተራ አይደርስም እኮ!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አይደርስም።

ሮም ግን ጥቅምት አይደለም፣ እሱን ጳጉሜን 5 ላይ ነው የምጽፈው። 1952 ዓ.ም.፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። አበበ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፣ ይሄን የማያውቅ የለም። እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ መንገዱ ነው። ሩጫው ጣሊያን ከአክሱም ነቅላ ወስዳ ሮም ላይ ባቆመችው ሐውልት በኩል ያልፍ ነበር። ማብቂያው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፣ መሽቶ ነበር፣ መንገዱን ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ናቸው። እዚህ ደግሞ ሲነጋ እንቁጣጣሽ። እስቲ አስቡት፣ የዋዜማ ችቦ እዚያም እዚህም። ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከአበበ 45 ዓመት ዘግይቶ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ ድሮ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። የቶኪዮው ጊዜ ልጅ ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ብቻ እንደነበረ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንዳዳመጠ ነገሩኝ። "ስንት ዓመትዎ ነበር?" ስላቸው "ዓመቱን ተይው ልጄ፣ እኔ የማስታውሰው ብርዱን ነው። ጥቅምት ነበር፣ ጫማ አልነበረኝም" አሉ። ይኸውላችሁ፣ እንደገና ወሩ አለ፣ ዓመቱ የለም።

ዓመት የሚወድ ሰው እኛ ሰፈር አንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጎረምሳ፣ ስልኩን ይዞ ነው የሚከራከረው። ባለፈው የካቲት የዓድዋን መስመር አንብቦ "ተሳስተናል" አለ። "ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን ነው። እኛ የምናከብረው ማርች 2። ሁሉም ቦታ እንደዛ ነው የሚለው፣ እዩት።" ስልኩን ዞሮ ለሁሉም አሳየ። እትዬ ፓስቲዋን እያገላበጠች "ምን አለ እሱ?" አለች።

ልጁ ያነበበው ልክ ነው፣ የደረሰበት ድምዳሜ ነው ልክ ያልሆነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ እሑድ። ያን ቀን በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? በእነሱ 1900 ተፈጠረ። የእነሱ ሕግ እንዲህ ነው፦ በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ 29 ይጨመራል፤ ነገር ግን ዓመቱ በ100 የሚካፈል ሆኖ በ400 ካልተካፈለ አይጨመርም። ስለዚህ 1900 ላይ 29ኛዋ ቀን ቀረች። እኛ ደግሞ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን እንዞራለን፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ ዓመቱ በ100 ተካፈለ አልተካፈለ ግድ የለንም። በዚህ ምክንያት የእነሱ አቆጣጠር በአንድ ቀን ቀደመን። የተንቀሳቀሰው የእነሱ ቀን ነው። በእነሱ 2100 እንደገና ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12፣ ገናም ጃንዋሪ 8 ይውላል። ማናችንም አንደርስበትም፣ ግን የልጅ ልጆቻችን ካላንደር ላይ ቅር ይላቸው ይሆናል።

ይሄን ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁት። የዋጋውን ቦታ ሁሉ ያዝኩት። ልጁ አልተረታም። "ታዲያ ገና ለምን አንዳንዴ 28 አንዳንዴ 29 ይሆናል? የእኛም ይንቀሳቀሳል ማለት ነዋ!" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው፤ ከፊቱ ያለችው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች፣ ከልደት እስከ ልደት ያለው ቀን እንዳይዛባ አንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። ማለት የእኛ ሰዎችም ሒሳብ ይሠራሉ፣ ዝም ብለው አይደለም። እትዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ መጥበሻዋን ከእሳት አወረደችና "ልጄ፣ ጊዮርጊስ መቼ ቀን ቀይሮ ያውቃል?" አለችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ በሒሳብ ያላሳመንኩትን ልጅ እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው።

የሚያዝያ 27 ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። እሱ ቀን ተመርጦ የተያዘ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከተማዋ ነፃ የወጣችው ግን መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው፤ የእንግሊዝ ጦር የገባው ያን ቀን ነው። ንጉሡ አንድ ወር ያህል ቆይተው ሚያዝያ 27 ገቡ፤ ጠላት በገባበት ቀን፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። የመጡት ከጎጃም በኩል ስለሆነ የገቡት በእኛ መንገድ ነው። እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው ነው ወደ ከተማ የወረዱት። ይሄን ስጽፍ የሰፈሩ ሰው ደረቱን ይነፋል፤ አስፋልቱን እሱ ያነጠፈላቸው ይመስል።

ከዚያ ደርግ መጣና በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው። የንጉሡን መግቢያ ማክበር አልፈለገም። ነገሩን ጨክናችሁ ካያችሁት ምክንያት አለው፤ ከተማዋ ነፃ የወጣችው በእርግጥ መጋቢት 28 ነው። ግን አልያዘም። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፣ ዛሬ መጋቢት 28 ብትሉ ሰው "ምን ቀን ነው እሱ?" ይላችኋል። ጋሼ ሁለቱንም አክብረዋል። "በደርግ ጊዜ ሰልፍ ወጥተናል፣ ከሰልፉ ስንመለስ ግን በልባችን ወር ይቀረዋል እንል ነበር" ይላሉ። እኔ መንግሥት ስም መቀየር ይችላል፣ ሐውልት መቀየር ይችላል፣ ቀን ግን ያስቸግረዋል ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 12ን በተመለከተ ሰሌዳው ላይ ብዙ አልጽፍም። 1929 ዓ.ም.፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። በኢትዮጵያ በኩል የሚነገረው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ሁሉም የተጀመረው ስድስት ኪሎ፣ ያኔ ቤተ መንግሥት በነበረው ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ግቢ ነው፤ ከእኛ ቁልቁል። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስወርድ "የካቲት 12 ወራጅ አለ!" ሲባል እሰማለሁ። ሆስፒታሉን ማለታቸው ነው። ቀኑ ፌርማታ ሆኗል። አንዳንዴ ይከነክነኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ በየቀኑ ሺህ ሰው ስሙን ከሚጠራው በላይ ምን መታሰቢያ አለ እላለሁ።

አሁን ስለ እንጨት ላውራ፣ እኛ ሰፈር ስለ እንጨት ሳይወራ አይዋልም።

ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት በወገብ ቁመት ልክ የሆነ የድንጋይ ግንብ አለ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከላይ ሲወርዱ ሸክማቸውን ሳይፈቱ አስደግፈው የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። መሬት ላይ ቢያወርዱት መልሶ የሚያሸክማቸው ሰው ያስፈልጋል፣ ለዛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው፣ ለምጣድ የሚሆን። ሸክሙ ከሴቷ ይረዝማል፤ ከኋላ ስታዩት የሚሄደው እንጨቱ ነው የሚመስለው፣ ከሥሩ ሁለት የኮንጎ ጫማ ይታያል። ገመዱ ደረታቸው ላይ የሚያልፍበት ቦታ ልብሱ ሁሌ ያለቀ ነው፣ ጨርቅ ደራርበው ይጥፉታል። ከእነሱ አንዷ ስታርፍ ሁሌ ትጠይቀኛለች፦ "ዛሬ ደግሞ ምን ብለሻል?"

አንድ ቀን የጻፍኩት የአዲስ ዓለምን ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ተራራ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ብዙ ሳይቆይ ማገዶ አለቀ። ሰው በዛ፣ የተራራው ዛፍ ተመነጠረ። ድሮ የነገሥታቱ ከተማ እንጨት ሲጨርስ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር፤ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በ1880ዎቹ እዚህ የተተከለ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ሲቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባጭሩ ይህች ከተማ እዚህ የቀረችው በዛፉ ምክንያት ነው።

አነበብኩላት። ግንቡ ላይ እንደተደገፈች ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ "እና እኔ እንድሸከመው ነዋ የተከሉት!" ብላ ሳቀች። እትዬ ሻይ ሰጠቻት። ቆማ ጠጣችው፣ ከነሸክሟ።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ዓይነት ሰውም ይመጣል። ፓርኩ አምሯል፣ አልዋሽም፣ እኔም እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን መኪናው አቀበቱን ይዘጋዋል። ወጣቶቹ ለአየሩ ብለው ይወጣሉ፤ በዚያው መንገድ ሴቶቹ ለማገዶው ብለው ይወርዳሉ። ሁለቱ ሲተላለፉ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ማየት ደስ አይልም።

ይልቅ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። ክረምት ላይ፣ የታሪክ ቀን ሲጠፋብኝ፣ ስለ ዝናቡ እጽፋለሁ። የእንጦጦ ጀርባ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል፣ በከተማው ፊት የሚወርደው ዝናብ አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ አፋር በረሃ ወርዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። በሰሜን በኩል፣ በሱሉልታ ፊት የሚወርደው ደግሞ ሙገር ገብቶ፣ ከሙገር ዓባይ፣ ከዓባይ ካርቱም፣ ከካርቱም ካይሮ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን። ከላይ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ጃንጥላችሁን ብታራግፉ ግማሹ በረሃ ሄዶ ይተናል፣ ግማሹ ግብፅ ይሄዳል። ይሄን የጻፍኩ ዕለት ሰፈሩ ሲከራከር ዋለ። የማን ጣሪያ ወደ የት እንደሚፈስ። ጋሼ የእሳቸው ወደ ዓባይ ነው ብለው ድርቅ አሉ። አይደለም፣ እኛ ሁላችንም ከተማው ፊት ነን፣ ውሃችን አዋሽ ነው። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "የሚንጠባጠበው በኋላ በር ነው" ሲሉ ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 10 ላይ ደግሞ የምጽፈው አዲስ ነገር አለ። ጫፉ ላይ ያለውን የጠፈር ምርምር ጣቢያ የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉበት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ስትመጥቅ ሰዎች ሌሊቱን እዚያ ተሰብስበው ነበር ያዩት። ዓርብ ነበር። ብርዱን አታንሡት። ይሄ ቀን ይያዝ አይያዝ ገና አይታወቅም፤ 10 መስቀሉ ነው፣ ሚስማሩ አለ፣ ነገር ግን ሳተላይት ከመስቀሉ ጋር እንዴት አብሮ እንደሚታወስ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ስጽፈው ያወራችኝ ያችው እንጨት ተሸካሚ ብቻ ናት። "ከላይ ሆና እኛን ታየናለች?" አለችኝ። መሬት ለማየት የተሠራች እንደነበረች ነገርኳት። "እንጨቱን አይታ ዋጋ አትጨምርም?" አለች።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ። የአገሩን ብቻ ከምጽፍ የሰፈሩን ቀን ልሰብስብ ብዬ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። መብራት መቼ ገባ? አስፋልቱ መቼ ተነጠፈ? የቧንቧ ውሃ መቼ መጣ? መብራቱ ቀላል ነበር፤ "ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ" ሁሉም ተስማማ። የትኛው ወር? የካቲት። ዓመቱስ? እዚህ ጋ ጉድ ፈላ። አንዷ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሣችበት ዓመት ነው አለች። ሌላዋ አይደለም፣ በጉ በጅብ የተበላበት ዓመት ነው። ልጁን ጠርተን የልደት ወረቀቱን እንዲያመጣ ጠየቅነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ትምህርት ቤት ለማስገባት የተጻፈ እንደሆነ እናቱ ራሷ ነገረችን። በጉን በተመለከተ ማስረጃ የለም።

ውሃው ግን ቀኑም አልተስማማ። እትዬ ለራጉኤል ማግስት ነው ትላለች፣ ለንግሡ ጠላ የጠመቀችው በጉድጓድ ውሃ እንደነበር፣ ጋኑን ያጠበችው ግን በቧንቧ ውሃ እንደነበር ታስታውሳለች። ጋሼ በሚካኤል ነው ይላሉ፣ ምክንያታቸውን ግን አይናገሩም። ጎረምሳው የውሃ ሒሳብ የመጀመሪያ ደረሰኝ ካገኘን ይታወቃል ብሎ የሁሉንም ቤት የቆየ ወረቀት እያገላበጠ ነው፤ እስካሁን ያገኘው የመብራት ነው። ቧንቧውን የቀጠለው ሠራተኛ ዛሬ ሱሉልታ እንደሚኖር ሰምተናል። እሑድ ታክሲ ይዘን እንሄዳለን ተባብለናል፣ እትዬ ፓስቲ ትይዛለች።